ፍርስራሹ ከመነሳቱ በፊት

በኤርትራ፣ ከሰንዓፈ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው መጠራ አንድ የድንጋይ ሐውልት አለ። ቁመቱ 5 ሜትር ተኩል ያህል ነው። አናቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ተቀርጸውበታል፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ፣ ፊደላችን ገና ካዕብና ሣልስ ሳይበጁለት ሁሉም ቃል በግዕዙ ቤት ብቻ ይጻፍ በነበረበት ዘመን የተቀረጸ ጽሑፍ ይታያል። አጋዝ የተባለ ሰው ለአባቶቹ መታሰቢያ እንዳቆመው ጽሑፉ ይናገራል፤ የቀረውን ቃል ሊቃውንት ዛሬም በተለያየ መንገድ ያነቡታል። ይህ ሐውልት በግንቦት 1992 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከሥሩ በፈነዳ ፈንጂ ወደቀ። በዚያን ጊዜ፣ በኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ወቅት፣ አካባቢውን ይዞ የነበረው የኢትዮጵያ ጦር ነው። ነገሩን የመረመረው የኢትዮ-ኤርትራ የካሣ ኮሚሽን በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ድርጊቱ ከአንድ ወይም ከጥቂት ወታደሮች ያለፈ ትእዛዝ እንደነበረበት የሚያሳይ ማስረጃ ባይገኝም፣ ስፍራውን የያዘው ኃይል ለቅርሱ ደኅንነት ኃላፊ በመሆኑ ኢትዮጵያ ተጠያቂ ናት አለ። ሁለቱም አገሮች በጊዜው እ.ኤ.አ. የ1954ቱን የሄግ ስምምነት ባይቀበሉም፣ ታሪካዊ ሐውልትን ሆን ብሎ ማፍረስ በልማዳዊው የጦር ሕግም የተከለከለ መሆኑን አስረግጦ ተናገረ። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔም ለዚሁ ሐውልት 50 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሣ ቆረጠ።

ከሮም ስለተመለሰው የአክሱም ሐውልት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ስለ መጠራው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ ታሪኮች የአንድ ዘመን ናቸው፤ እኛ ጣሊያንን ሐውልታችንን መልሺ እያልን ስንሟገት በነበረባቸው ዓመታት የዚያው ሥልጣኔ ልጅ የሆነ ሌላ ሐውልት በእኛ ወታደሮች እጅ ወድቋል። ይህን ማንሳት ቁስል መነካካት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ዛሬ የሚነሳበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት መስጊድና ገዳም፣ ቤተ ክርስቲያንና የድንጋይ ቤት ጎድቷል። አሁን የሁሉም አፍ ላይ ያለው ቃል «ጥገና» ነው። ጥገናው መቼ ይጀመር፣ ማን ገንዘብ ያምጣ፣ ማን ይምራው ይባላል። ከዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት አንድ ሥራ ግን ሲነሳ አይሰማም፤ እሱም አንድም ድንጋይ ከወደቀበት ሳይንቀሳቀስ ጉዳቱን መለካት፣ መሳል፣ ፎቶ ማንሳት፣ በጽሑፍ ማስፈር፣ መዝገቡንም ለሁሉም ክፍት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ያልተመዘገበ ጉዳት ሲጠገን፣ የጠጋኙ ግምት በጠራቢው ሥራ ቦታ ይገባል፤ የአጥፊው አሻራም ከፍርስራሹ ጋር ተጠርጎ ይሄዳል።

መጠራ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። ሐውልቱ ከወደቀ በኋላ ተጠግኗል። ጽሑፉ ምን ይል እንደነበር ለማወቅ ግን ማንም ስብርባሪ መለቃቀም አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን አክሱምንና በዙሪያዋ ያሉትን ጥንታዊ ስፍራዎች ሲለካ፣ ሲነድፍና ፎቶ ሲያነሳ መጠራንም አልዘለላትም። በ1951 ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ የሐውልቱን ጽሑፍ እንደገና አንብቦ አሳተመ። ከ1959 ጀምሮ ደግሞ ፍራንሲስ አንፍሬ በስፍራው ለዓመታት ቆፍሮ የከተማዋን ቤቶችና መቃብሮች መዘገበ። ፈንጂው ድንጋዩን ጣለው፤ ቃሉን ግን ሊያጠፋው አልቻለም፤ ቃሉ ከጦርነቱ አሥርተ ዓመታት ቀድሞ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበርና። ደብረ ዳሞም ተመሳሳይ ዕድል አላት። ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲታደስ ዴሪክ ማቲውስ የተባለው እንግሊዛዊ አርክቴክት ግንቡንና እንጨቱን ለክቶ ነድፎታል፤ ሥራውም ከአንቶኒዮ ሞርዲኒ ጋር በ1959 ታትሟል። የሚያሳስበው እንዲህ ያለ ዕድል ያልገጠማቸው ሕንፃዎች ብዛት ነው። በትግራይ፣ በወሎና በጎንደር ገጠር ስማቸው ከደብሩ አጥቢያ ያለፈ የማይታወቅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ገመድ ያልተዘረጋባቸው የድንጋይ ሕንፃዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢፈርስ ለጥገና የሚቀርበው መረጃ የአንድ ሽማግሌ ትዝታና ከጥምቀት በዓል የተረፈ፣ ሕንፃውን ከሰው ጀርባ በጥቂቱ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል።

መመዝገብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የዕቃ ቆጠራ ነው፤ ይህን ያህል መስቀል፣ ይህን ያህል ብራና። የሕንፃ ጉዳት መዝገብ ከዚያ ይለያል። የወደቀው ድንጋይ እያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከግድግዳው ምን ያህል ርቆ፣ በየትኛው ፊቱ እንደወደቀ ይጻፋል፤ ምክንያቱም ድንጋይ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ከነበረበት ቦታ ብዙ አይርቅም፣ የአወዳደቁ ሥርዓት የአሠራሩን ሥርዓት ይናገራል። የጥይቱና የፍንጣሪው ቀዳዳ ጥልቀቱና የመጣበት አቅጣጫ ይለካል። ስንጥቁ ርዝመቱና ስፋቱ ከነቀኑ ይያዛል። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዘው ጭቃ ወይም ኖራ በጥቂቱ ተወስዶ ምን እንደሆነ ይመረመራል። በመጨረሻም ሕንፃው በየማዕዘኑ፣ መለኪያ ዘንግ አጠገቡ ቆሞ፣ ፎቶ ይነሳል፤ ከተቻለም በሌዘር ይቀረጻል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር የቀረጸው በሰላሙ ጊዜ ነበር። ዛሬ ግን ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም። ተደራራቢ ሆነው ከተነሱ በመቶ የሚቆጠሩ የስልክ ፎቶግራፎች በኮምፒውተር ትክክለኛ ልኬት ያለው ምስል ማውጣት ይቻላል። በመቀሌ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርስና ሥነ ሕንፃ የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ የጎደለው የሚልካቸውና ሥራቸውን የሚረከብ ነው።

መለካት ከሁሉ የላቀ ጥቅም የሰጠው በዋርሶ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የዋርሶ ፖሊቴክኒክ መምህራንና ተማሪዎች የከተማዋን አሮጌ ቤቶች እየለኩ ይነድፉ ነበር። ጀርመኖች ከተማዋን ይዘው ሳለ ንድፎቹ ተደበቁ፤ ከእ.ኤ.አ. 1944ቱ አመፅ በኋላ አሮጌው ከተማ ከሞላ ጎደል ወደ ፍርስራሽነት ሲቀየር ንድፎቹ ተረፉ። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው አደባባይ ከእነዚያ ወረቀቶች የተነሳ ነው፤ ዩኔስኮ በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበውም የመዘገበው ያንን መልሶ የማቆም ሥራ ጭምር ነው። በቦስኒያ ያለው የሞስታር ድልድይም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1566 በኦቶማን ዘመን የተሠራው ይህ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ በኖቬምበር 1993 በመድፍ ተመትቶ ኔሬትቫ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። መልሶ ሲሠራ ጠላቂዎች ከወንዙ ውስጥ የድሮውን ድንጋይ አወጡ፤ አብዛኛው ግን ዳግም ለመሸከም የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ከጥንቱ ዓይነት ድንጋይ አዲስ ተጠርቦ፣ ድንጋዮቹም እንደ ጥንቱ በብረት ካስማና በቀለጠ እርሳስ ተያይዘው በ2004 ድልድዩ ተከፈተ። ይህን ማድረግ የተቻለው ከጦርነቱ በፊት የተወሰዱ ልኬቶችና ፎቶግራፎች ስለነበሩ ነው። 

የዚያው ድልድይ ታሪክ የምዝገባን ልክም ያሳያል። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በጥፋቱ ፈርዶ ነበር፤ በ2017 ግን ይግባኙን የሰማው ችሎት ድልድዩ በጊዜው ወታደራዊ ዒላማ ነበር በማለት ያንን ክፍል ሽሮታል። መዝገብ ፍርድን አይተካም። ሆኖም ዳኞች የሚከራከሩበትን ፍሬ ነገር የሚያቀርብላቸው መዝገቡ ነው። በማሊ በፈረሱት የቲምቡክቱ መካነ መቃብሮች ጉዳይ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 አህመድ አል ፋቂ አል ማህዲን በ9 ዓመት እስራት ሲቀጣ፣ ተከሳሹ ጥፋቱን ቢያምንም ዐቃቤ ሕጉ ቪዲዮዎችንና የሳተላይት ምስሎችን አሰባስቦ አቅርቦ ነበር። ሕንፃዎቹ ደግሞ ከፍርዱ በፊት በአገሩ ግንበኞች እጅ እንደገና ተሠርተው ነበር። ማስረጃው አስቀድሞ ስለተያዘ ጥገናው ለፍርዱ እንቅፋት አልሆነም፤ ፍርዱም ለጥገናው።

ወደ አገራችን እንመለስ። መዝገብ ማጣት፣ ወይም መዝገብ ሳያዩ በጥድፊያ የተደረገ ጥገና፣ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1941 ጎንደርን ከጣሊያን ለማስለቀቅ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ተጎድቷል። ስለ ውስጡ ጌጥ፣ ስለ ዝሆን ጥርሱና ስለ መስተዋቱ ብዙ ይወራል፤ ወሬው ግን ለግንበኛ ልኬት አይሆነውም። ስለዚህ ያ ጌጥ በተረት ቀርቷል። ከዚያው ቀደም ብሎ ጣሊያኖች የፋሲል ግቢን ሲጠግኑ የተጠቀሙበት ሲሚንቶና ኮንክሪት ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። የጎንደር ግንብ የቆመው በኖራ ነው። ኖራ ከድንጋዩ ለስለስ ይላል፤ እርጥበት ቢገባ መልሶ ያስወጣል፤ ግንቡ ጥቂት ቢንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ይዘጋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ጨውም ያመጣል፤ ድንጋዩ ከፊቱ እየተቀረፈ ይረግፋል። ከዓመታት በኋላ የመጡ ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሱ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነባቸው። በላሊበላም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዝናብ እንዳያስገባ ተብሎ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀባ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ያን ልባስ የማስወገድ ሥራ ነበረበት። እነዚህ ጥፋቶች በክፋት አልተሠሩም። የተሠሩት ድንጋዩ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደሚተነፍስ ሳይጠየቅ በመልካም ፈቃድ ነው፤ መልካም ፈቃድ ደግሞ ከጦርነት ማግስት በብዛት ይገኛል።

ላሊበላ ሌላም ነገር ታስተምራለች። በ2016 ዓ.ም. በአካባቢው የከባድ መሣሪያ ንዝረት ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን እየጎዳ ነው የሚል ስጋት ከካህናት በኩል ተነገረ፤ መንግሥት ደግሞ ጉዳት አልደረሰም ሲል አስተባበለ። ክርክሩ በእምነት ላይ የቆመ ሆነ፤ ካህናቱን የሚያምን አንድ ወገን፣ መግለጫውን የሚያምን ሌላ ወገን። እንዲህ ያለው ጥያቄ ግን በእምነት የሚፈታ አይደለም። ስንጥቁ ላይ ቀን የተጻፈበት ምልክት ቢደረግ፣ ስፋቱም በየወሩ ተለክቶ ለደብሩም ለቅርስ ባለሥልጣኑም በእኩል ቢደርስ፣ ሰፋ ወይስ አልሰፋም ለማለት አንድ ሰው ማስመሪያ ይዞ መሄድ ይበቃው ነበር። የላሊበላ ነገር የሚያስፈራውም ለዚህ ነው፤ ተገንብቶ የቆመ ሕንፃ ቢፈርስ ድንጋዩ ተለቅሞ መልሶ ይቆማል፤ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ግን ምሰሶው አንዴ ከተቆረጠ መልሶ የሚያበቅለው የለም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሰው ቤቱ ፈርሶ፣ ልጁ ተርቦ ሳለ ስለ ድንጋይ ታወራላችሁ ወይ?» የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የሚናገረውም ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የደረሰበት ራሱ ነው። ሆኖም ምዝገባና ጥገና በዋጋ አይመሳሰሉም። ጥገና ሚሊዮኖችን ይበላል፤ ምዝገባ የጥቂት ሰዎችን የቀናት ሥራ፣ ስልክና የመለኪያ ገመድ ይጠይቃል። ከእርዳታ እህል ላይ የሚቀነስ ነገር የለውም። ከዚህም በላይ፣ ፈርሷል የተባለው ቤት ለብዙው ተጎጂ የሠርጉ፣ የክርስትናው፣ የቀብሩ ስፍራ ነው። በትግራይ፣ በነጋሽ የሚገኘው ጥንታዊ መስጊድ ጉልላትና ሚናራ ሲመታ የአካባቢው ሰው ያዘነው ለጎብኚ መዳረሻ አልነበረም፤ ለነቢዩ ሙሐመድ ሰሐባዎች መቃብርና ለጁምዓ መስገጃው ነው። ሰው ስለ እነዚህ የሚጨነቀው ሆዱ ስለጠገበ ይመስል፣ ሀዘኑን የቅንጦት ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአማኙ በኩል የሚመጣ ነው፤ እሱም የበለጠ ይከብዳል። ምእመኑ ጣሪያ የለውም፤ ክረምት ደርሷል፤ ባለሙያ እስኪመጣ፣ ደብዳቤ እስኪፈረም እንዴት ይጠብቅ? አንዳንዱ ደብር የጠበቀው ለዓመታት ስለሆነ ቅሬታው እውነት አለው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና የባለሥልጣኑን ፈቃድ አስቀድሞ ይጠይቃል። ፈቃድ ሰጪው ካልመጣ፣ ሕዝቡ በራሱ እጅ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይዞ ቢነሳ ጥፋቱን ሁሉ በሕዝቡ ላይ ማላከክ አይቻልም። መፍትሔው ፈቃዱን መተው አይደለም፤ ሁለቱን ሥራ መለየት ነው። ቆርቆሮው ለጊዜው ይዘርጋ፣ ዝናቡ ይከልከል፤ ጊዜያዊ ድጋፍ ድንጋዩን ሳይነካ ማቆም ይቻላል። የወደቀው ድንጋይ ግን ለአጥር፣ ለደጀ ሰላም ወይም ለጎረቤት ቤት መሠረት እንዳይሄድ ከነቁጥሩ በአንድ ስፍራ ይቆይ። ድንጋዩን የሚጠብቁትና ቁጥሩን የሚጽፉትም የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ወይም የመስጊዱ ኮሚቴ ሊሆኑ ይችላሉ። ግንቡን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የትኛው ድንጋይ የበሩ ራስ እንደነበረ ከመሐንዲሱ ይልቅ መሪጌታው ይናገራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ፖለቲካዊ ነው። መዝገብ ማን እንዳፈረሰ ይናገራል፤ ሰላሙ ገና ጨቅላ ሳለ ይህ ቂም አያነሳሳም ወይ? በዚህ ላይ የመጠራው ጉዳይ መልስ ይሰጣል። ኮሚሽኑ ጥፋቱን በስሙ ጠራው፣ ከትእዛዝ ሰጪ ጋር ያያያዘው ማስረጃ እንደሌለም በዚያው ገጽ ጻፈ። ማስረጃው የሚያህለውን ያህል ተናገረ፣ ከዚያ አላለፈም። ቂም የሚያነሳሳው ልክ የሌለው ወሬ ነው፤ በአንድ ወገን አንድም ቤተ እምነት አልተነካም የሚለው፣ በሌላው ወገን ሁሉም ነገር ወድሟል የሚለው። ተለክቶ የተጻፈ ጉዳት ለሁለቱም ወሬ ልጓም ይሆናል። ለዚህ ግን አንድ ግዴታ አለበት፤ መዝጋቢው የራሱን ወገን ጥፋት ሲያገኝ እርሳሱን የማያስቀምጥ መሆን አለበት። በነጋሽ መስጊድ ላይ የደረሰውን የሚጽፍ መዝገብ በአማራና በአፋር አካባቢዎች በሚገኙ ቤተ እምነቶች ላይ የደረሰውንም በዚያው መለኪያ ይጻፍ፤ የመጠራው ሐውልት የወደቀው በኢትዮጵያ ጦር ይዞታ ሥር ሳለ መሆኑንም የአገራችን የታሪክ መጽሐፍ ከሮሙ ሐውልት አጠገብ ያስፍረው።

ፍርስራሹ እንዳለ ለትውልድ ማስተማሪያ ይቆይ የሚሉም አሉ። ለአንዳንድ ነገር ልክ ናቸው። ለሚጸለይበት ቤት ግን ልክ አይመስለኝም፤ ሰው በየሳምንቱ በቁስሉ ሥር እንዲሰግድ ማስገደድ የውጭ ሰው ፍላጎት ነው። የተጠገነው ከጥንቱ እንዲለይ ማድረግ፣ አዲሱ ድንጋይ በቀለሙ ወይም በጥርቡ ጥቂት እንዲታወቅ መተው፣ ከጥይቱ ቀዳዳዎችም ግንቡን የማይጎዱትን ሳይደፍኑ ማቆየት ይቻላል። ውሳኔው የባለቤቶቹ ነው፤ ምርጫ የሚኖራቸው ግን ጉዳቱ ተመዝግቦ ከሆነ ነው።

አቅም የለንም የሚለውን ክርክር የአክሱሙ ሐውልት ራሱ ይመልሰዋል። 24 ሜትር ቁመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ያ ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ሲመጣ ወዲያው አልተተከለም። መጀመሪያ የሚቆምበት መሬት ተጠና፤ በጥናቱም ከሥር ያልታወቁ መቃብሮች መኖራቸው ታየ። የተከላው ሥራ የተነደፈው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው። ክፍሎቹም በብረት ፈንታ ከሰው ሠራሽ ጠንካራ ክር በተሠሩ ዘንጎች ተያይዘው ሐውልቱ በነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሚጠጋ ጊዜ ወሰደ፤ በዚያ ጊዜ ያጉረመረመ ሰው ዛሬ መሬቱ ሳይጠና ቢተከል ይሻል ነበር አይልም።

ለነጋሽ መስጊድ የፌዴራሉ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ጉዳቱን አምኖ እንደሚያስጠግን ቃል ገብቶ ነበር። ያ ስፍራ በተለያየ ዘመን የታደሰ፣ በቅርብ ዓመታትም በቱርክ ድጋፍ የተሠራበት በመሆኑ፣ የትኛው ግንብ የትኛው ዘመን ሥራ እንደሆነ የሚለይ ንድፍ ከሁሉ በፊት ያስፈልገዋል፤ «እንደነበረ እንመልሰው» ሲባል የትኛው «ነበር» እንደሆነ መታወቅ አለበትና። ጊዜ የለም ለሚሉም ግንበኞች የሚያውቁት መልስ አለ። ለጥንታዊ ግንብ የሚሆን ኖራ ተቃጥሎ በማግስቱ አይለሰንበትም። ውኃ ጠጥቶ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ ጥሩው ደግሞ ለወራት ይተኛል። ኖራው በጉድጓዱ እየበሰለ ሳለ አንድ ቡድን ገመድና ስልክ ይዞ በፍርስራሹ መካከል ቢሰማራ፣ ግንበኛው የመጀመሪያውን ድንጋይ ለማንሳት ሲመጣ ቁጥሩ ተጽፎበት ያገኘዋል።